ወደ ቀኝ ያጋደለችው ፒክአፕ

ነጯ ፒክአፕ ከቁልቁለቱ ኩርባ ስር አፍንጫዋን ድንጋይ አጥር ውስጥ ወትፋ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ ከፖሊስ መኪናው ወርዳ መጀመሪያ ያየችው አስፋልቱ ላይ የፈሰሰውን ቀይ ነገር ነበር። ደም መሰላት። ቀረብ ስትል ከጭነቱ ላይ ወድቆ የፈነዳ የቀለም ቆርቆሮ ሆኖ አገኘችው።

«ሰውየው ተርፏል» አላት ሳጅኑ ፊቷን አይቶ። «ክንዱ ተሰብሮ ሆስፒታል ነው። ግን ተራ አደጋ አይመስለኝም። ይምጡና ይዩ።»

እሷ ሁሌም እንዲህ ናት፤ ከሰው ሁሉ ቀድማ ክፉው ነው የሚታያት። ቦርሳዋ ውስጥ ፋሻ፣ ሻማና ፊሽካ ይዛ እንደምትዞር ጣቢያው በሙሉ ያውቃል፤ ይስቁባታልም። ዛሬ ደግሞ ይባስ ብሎ ልጇ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ረጅም መንገድ እየነዳች ነው። «ስትደርሺ ደረስኩ በይኝ» ብላታለች። ስልኩ እስካሁን ዝም እንዳለ ነው።

ሳጅኑ ከፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ ተንበርክኮ ባትሪውን አበራ። ፒክአፗ በቅርቡ ከፍ የተደረገች ናት፤ ለጭቃና ለጉድጓድ ትመቻለች፣ ከሩቅም ታምራለች እየተባለ እንደሚሠሩት ዓይነት። ግራዋ በቁመቱ ቆሟል። ቀኟ ግን ወደ ታች ወርዷል፤ በጣት ሲለካ አራት ጣት ያህል። ሳጅኑ እንዳስረዳት፣ በዚህች መኪና ፊት በየጎኑ አንዳንድ ረጅም የብረት ዘንግ አለ፤ እንደ እስፕሪንግ የሚሠራው እሱ ነው። የዘንጉ ቡሎን ሲጠብቅ ያ ጎን ይነሳል፣ ሲላላ ይወርዳል። አንዱ ጎን ብቻውን ከወረደ ጎማው ይጣመምና መሪው ይጎትታል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ መኪናው ወደዚያው ያደላል።

«በራሱ ሊላላ አይችልም?» ጠየቀች።

«ከፍ ያደረጋት መካኒክ ልኩን ካስተካከለ በኋላ በሁለቱም ቡሎኖች ላይ ነጭ ቀለም አስምሯል። የግራው መስመር እንደገጠመ ነው። የቀኙ ተለያይቷል። ሰው ነው በቁልፍ የፈታው።»

የፈታው ሰው ማን እንደሆነ ሳጅኑ አልተጠራጠረም። ባለመኪናው የቤት ግንባታ ተቋራጭ ነው፤ አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡት የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር የሚጮኸው፣ ፒክአፗን ከፍ ያደረገለትን መካኒክ። ሰፈሩ «ውሃ ልኩ» ይለዋል፤ የተንጋደደ ነገር ካየ ሳያቃና ስለማያልፍ። ውሃ ልኩና የተቋራጩ ሴት ልጅ ሊጋቡ ተነጋግረዋል፤ አባትየው ግን ልጄን ለግራሶ እጅ አልሰጥም ብሎ ገትሮ ይዟል። መኪናውን ደግሞ ከውሃ ልኩ ሌላ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

«ስለዚህ ሊገድለው አሰበ» አለ ሳጅኑ። «ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። በግድያ ሙከራ። ከዚያ በኋላ መካኒኩን ማስፈታት ከባድ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አላየችም፤ ስልኳን ነበር ያየችው።

*

ውሃ ልኩ የጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛውን በዓይኑ ይለካል። አንደኛው እግር አጭር ነው። ኢንስፔክተሯ ወረቀት አጥፋ ከስሩ ስትከት ቀለል አለው።

መኪናዋን ከወር በፊት ከፍ እንዳደረጋት፣ ትናንት ጠዋት ደግሞ ልኳን እንደገና አስተካክሎ እንዳስረከበ ነገራት። ከጎማው መሃል ጎማውን ከላይ እስከሸፈነው ፓራፋንጎ ጠርዝ ለክቷል፤ ግራና ቀኝ አንድ ነበሩ። የኋላዋን ግን ሆን ብሎ ትንሽ ከፍ አድርጎ ትቶታል። ተቋራጩ ከፊት እስከ ኋላ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ትበልልኝ ብሎ ሞግቶት ነበር። ሲሚንቶ ስትጭንባት ቂጧ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል፣ መብራትህም የሰው ዓይን ይወጋል ብሎ ነው ያሳመነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄደ፤ ተቋራጩ በሰው መኪና ወደ ሥራ ቦታ መውጣቱን ሰምቶ ነበርና። ልጅቷ የአያቷን ፀጉር እያጠበች ስለነበር ግቢው ውስጥ፣ ከፒክአፗ አጠገብ፣ ብቻውን ቆሞ ጠበቃት።

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም። ላለመታየት ነበር የሄድኩት።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ኢንስፔክተሯ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። «ቡሎኑን አንተ ብትፈታው ኖሮ?»

ውሃ ልኩ አሰበበት። «ነጩን መስመር መልሼ አሰምረው ነበር» አለ። «እንደዚያ ተለያይቶ እያየሁ ትቼው ልሄድ አልችልም።»

ሲወጡ ሳጅኑ፣ ይሄ ራሱን ነው ያጋለጠው አለ። እሷ ደግሞ፣ ውሸታም ሰው እንዲህ ያለ ነገር አፉ ላይ አይመጣለትም አለችው። ቢሆንም እርግጠኛ አልነበረችም። የዋህ የሚመስሉ ነፍሰ ገዳዮች አይታለች፤ ያላየቻቸውንም በሐሳቧ ታያቸዋለች።

ወደ ጋራዡ ሄዱ። ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ወለሉ ላይ ብታስቀምጠው እየተንከባለለ የውሃ መውረጃው ጋ ሄዶ ቆመ። ሳጅኑ ደስ አለው፤ ወለሉ ዘንበል ያለ ነው፣ ልጁ በጠማማ ወለል ለክቶ ጠማማ መኪና ሰጥቷል፣ ስለዚህ ወይ ወንጀለኛ ነው ወይ ሰነፍ። ጥግ ላይ ግን የጎማ አሻራ ያረፈባቸው ስስ ሳንቃዎች ተደግፈው ነበር። ሳንቃዎቹን ወለሉ ዝቅ በሚልበት በኩል አነጠፏቸው፤ ከሳንቃዎቹ እስከ ከፍተኛው ወለል ረጅም ጣውላ አጋድመው ብርቱካኑን ጣውላው ላይ ቢያኖሩት ሳይነቃነቅ ቀረ። ልጁ የለካው አስተካክሎ ነበር ማለት ነው። ኢንስፔክተሯ ብርቱካኑን ልጣ ግማሹን ለሳጅኑ ሰጠችው።

*

የተቋራጩ የቀድሞ ሽርካ ትናንት ግቢው በር ላይ ሲሳደብ ጎረቤት ሰምቶታል። ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው አገኙት፤ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ ሰው ነው። አልካደም። ተሳድቧል፣ የፒክአፗንም ጎማ በእግሩ መቷል፤ አውራ ጣቱ እስካሁን ያመዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ሠራተኞቹ ፊት ኮንክሪት ሲያስሞላ ነው የዋለው፤ ኮንክሪት ደግሞ ተጀምሮ አይተውም።

«ደግሞ እኔ ከመኪና ስር ብገባ» አለ ሆዱን እየዳበሰ፣ «በክሬን ነው የምታወጡኝ።»

ሠራተኞቹ እውነቱን ነው አሉ፤ ስለ ኮንክሪቱም፣ ስለ ክሬኑም።

ፒክአፗ ወደ ጣቢያው ግቢ ተጎትታ ስትመጣ ኢንስፔክተሯ ካርቶን አንጥፋ ራሷ ከስር ገባች። ክሪኩ ቢያመልጥ፣ መኪናው ቢወርድብኝ፣ ልጄን ማን ያሳድጋታል ብላ አሰበች። ልጅቷ አድጋ መኪና እየነዳች መሆኑ ትዝ ያላት ቡሎኑን ከነካች በኋላ ነው።

ጣቷ ላይ ንጹሕ ግራሶ መጣ። የግራውንም ነካችው፤ ደረቅ ነው። የፈታው ሰው ቡሎኑ እንዳይላጥ ጥርሱን ግራሶ ቀብቶታል።

ከስር ወጥታ አቧራዋን ስታራግፍ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ከቀኝ ጎማው በላይ፣ በፓራፋንጎው ጠርዝ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ሰማያዊ ጭረቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው አጭርና ቀጥ ያሉ፤ በየአምስቱ አንድ አግዳሚ አላቸው።

«ዙር ነው የተቆጠረው» አለ ሳጅኑ። ከስር ገብቶ እጁን ዘረጋ፤ ጭረቶቹ ጋ አልደረሰም። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሁለት ናቸው። አንዱ ከስር ተኝቶ ይፈታል፣ አንዱ ቆሞ ይቆጥራል። ልጅቷም አለችበት ማለት ነው። እጮኛሞች ናቸው። ሄጄ ላምጣት?»

ኢንስፔክተሯ ጭረቶቹን ትኩር ብላ አየቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ስታስብ ኖራለች። የተቆረጠ የፍሬን ቱቦ፣ የተፈታ ጎማ፣ ያልተዘጋ ጋዝ፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣት የማታስበው የለም። ካሰበቻቸው ክፉ ሰዎች ውስጥ ግን ቡሎን ግራሶ የሚቀባ አንድም አልነበረም። የፈታውን ዙር የሚቆጥርም አልነበረም።

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ እኔ ቤታቸው ልሂድ።»

*

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ግቢው ውስጥ ፒክአፗ የቆመችበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ከበረንዳው ላይ የተቋራጩ አባት ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ ሰፈሩ «ተሳቢው» የሚላቸው፣ በወጣትነታቸው ረጅም ተሳቢ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ስር ደግሞ ባለቤታቸው እማማ ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ጨርቅ ከመርፌው ስር ቢኖርም መንኮራኩሩ አልዞረም።

ልጅቷ ትናንት ከሰዓት የአያቷን ፀጉር አጥባ፣ ከዚያ ውሃ ልኩን አነጋግራ፣ እስከ መንገዱ ሸኝታው፣ ከጓደኛዋ ጋር ሱቅ ሄዳ መምጣቷን ተናገረች። ባለሱቁም ጓደኛዋም ይመሰክራሉ። ግቢው ውስጥ ማን ቀረ ሲባል፣ «ማንም» አለች። ሽማግሌዎቹን መቁጠር ትዝ አላላትም።

እማማ ስለ ልጃቸው ክንድ ጠየቁ። አጥንቱ በየት በኩል ነው የተሰበረው? ታስሯል? ይበላል? መልሱን ሰምተው ያንኑ ደግመው ጠየቁ። ኢንስፔክተሯ ራሷ እናት ናትና፣ የፖሊሱ መኪና ደጅ ቆሟል፣ አሁኑኑ ወስጄ አሳይዎታለሁ አለቻቸው።

እማማ በተከፈተው በር በኩል መኪናውን አዩት። ከፍ ያለ የሜዳ መኪና ነው። የሚያዩት ጎማውን አልነበረም፣ የበሩን መርገጫ ነበር።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። «ሌላ ቀን እሄዳለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ደነገጠች። ልጇ ሆስፒታል ገባች ቢሏት እሷ በመስኮት ትዘላለች። ልጅቷ ወደ ጓዳ ጎትታ በሹክሹክታ አስረዳቻት። አያቷ መኪናው ከፍ ካለ ወዲህ ከቤት መውጣት አቁመዋል፤ የጉልበታቸውን ሕክምና እንኳ ትተውታል። አባቷ ችግር የለም እያለ ሰፈር ፊት ትከሻው ላይ አድርጎ ጋቢና ያስገባቸው ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቶች አጨበጨቡ። እማማ ያን ዕለት ከክሊኒክ ተመልሰው ክፍላቸውን ዘግተው ዋሉ።

ሲመለሱ ኢንስፔክተሯ የእማማን አንገት አየች። በክር የተንጠለጠለች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አለች፤ ከአፏ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ብቅ ብሏል። ሰማያዊ ነው።

ዝም ብላ በረንዳው ላይ ከተሳቢው አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ውሃ ልኩን ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበዋለን። ሰው ሊገድል ሞክሯል ተብሎ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥፍራቸው ስር ያለው ጥቁር ነገር በሳሙና አልለቀቀም። «ጠይቃችሁ የምትለቁት መስሎኝ ነበር» አሉ።

«በማስረጃ ነው የምንለቀው።»

«እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ። የሚገድል ሰው ግራሶ አይቀባም። ደግሞ የወረደው የሹፌሩ ጎን አይደለም፣ የጋቢናው ነው።»

ተሳቢው ወደ መስኮቱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ነገሩን ሁሉ ነገሯት። ለዛሬ ጠዋት የክሊኒክ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ባለቤቴ እንደ ሰው በእግሯ ትግባ ብለው አንዷን ጎን ዝቅ አደረጉ፤ ሲመለሱ በተቆጠረው ዙር ልክ ሊያጠብቁት ነበር። በተሳቢ ዘመናቸው መንገድ ላይ የፈቱትን ሁሉ እንዲህ እየቆጠሩ ነበር የሚመልሱት። ልጃቸው ግን ሥራ ቦታ ሰው ጠርቶት ቁርሱን እንኳ ሳይቀምስ መኪናዋን ይዞ ወጣ። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ከአልጋ ዘለው ሮጡ።

«በእኔ ሩጫ የት ልደርስበት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ እኔን ውሰጂኝ። ግን ለእሷ ብዬ እንደሆነ አትንገሪያት። በእኔ ጉልበት ምክንያት ልጄ ሊሞት ነበር ካለች፣ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን በሰላም አትተኛም። አውቃታለሁ።»

«ጠመኔውን ማን ሰጠዎት?»

«ከመሳቢያዋ ወሰድኩት።»

«ጠመኔያቸው አንገታቸው ላይ ነው፣ አባባ። ጭረቶቹም ከስር የተኛ ሰው የማይደርስባቸው ቦታ ላይ ናቸው።»

ሽማግሌው ጥፍራቸውን ደበቁ። ከኋላቸው የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። እማማ መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል።

«እኔ ነኝ የቆጠርኩለት» አሉ። «አንተ ሰው፣ ለእኔ ብለህ እንደሆነ ከእኔ ትደብቃለህ? ባትሪውን ይዤልህ የቆምኩትን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። አንቺ ትረሺው እንደሆነ ብዬ ነው።»

እማማ ባላቸው እንዳይታሰሩባቸው ብለው፣ ተሳቢው ደግሞ ባለቤታቸው እንዳይጸጸቱ ብለው፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዱ ካንዱ ዓይኑን ሲሸሽ ነበር የዋሉት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም አየቻቸው። መጀመሪያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሄዳ አያቷን ከመቃኑ ላይ ተቀበለቻቸው።

ኢንስፔክተሯ ሁለት ስልክ ደወለች። በአንዱ ሳጅኑን ፋይሉን እንዳይልክ ነገረችው። በሌላው ታክሲ ጠራች፤ ዝቅ ያለች ትንሽ መኪና ትሁን ብላ ሁለት ጊዜ አሳሰበች።

*

ተቋራጩ አልጋው ላይ ክንዱ ታስሮ ተቀምጧል። እናቱን በእግራቸው ሲገቡ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከኋላ ፖሊሷን ሲያይ ጠቆረ።

«ያ ነፍሰ ገዳይ አመነ?»

ተሳቢው ሊናገሩ ነበር። እማማ በእጃቸው ከለከሏቸውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«መኪናህን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። አባትህ ፈታ፣ እኔ ቆጠርኩ። ራሴ ልወጣባት ፈልጌ ነው። እንደ ከረጢት አትሸከመኝ ስልህ ሳቅክ።»

ተቋራጩ የታሰረ ክንዱን አየ። «ሰዉ ሁሉ ይስቅ ነበር እኮ» አለ። «አንቺም የሳቅሽ መስሎኝ።»

«ፊቴን መች አየኸው? ትከሻህ ላይ ነበርኩ።»

ባልታሰረ እጁ ዓይኑን ሸፈነ። እናቱ እጁን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ጠዋት መሪው ወደ ቀኝ ሲጎትተው ተሰምቶት እንደነበር፣ ውሃ ልኩ ጋ እመልሳታለሁ እያለ እንደነዳ ቀስ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ።

«ልጁን ፍቱልኝ። በሰው ፊት ገዳዬ ነው ብዬ ጮኼበታለሁ። ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?»

«ያንን እኔ አልመረምርም» አለችው። ለተሳቢውም የሆነውን እንደሆነው እንደምትጽፍ ነገረቻቸው፤ አደጋ አድርሰዋልና ይጠየቁበታል፣ ግራሶውና ቆጠራው ግን አብሮ ይጻፋል።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። አምቡላንስ፣ ገደል፣ የማታውቀው ሰው ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታዩዋት። መልእክቱን ከፈተችው። «ደረስኩ እማ። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።» ግድግዳውን ተደግፋ ደጋግማ አነበበችው።

*

ፒክአፗ ተጠግና ጋራዡ ውስጥ፣ ስስ ሳንቃዎቹ ላይ ቆማለች። ኢንስፔክተሯ የቀረ ፊርማ ለማስፈረም ብላ መጥታለች፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ ግን አልሄደችም።

እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ውሃ ልኩ ከፊታቸው ሳንቃ አቁሞ ይዟል። «እግርዎን ያንሱ፣ እማማ። እስከሚመችዎት ብቻ። ለእኔ ብለው እንዳይጨምሩ» አላቸው። ተነሱ፣ የባላቸውን ትከሻ ያዙ፣ እግራቸውን አነሱ። ውሃ ልኩ ጠመኔውን ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ አልሰጡትም፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሳንቃው ላይ ሰማያዊ መስመር አሰመሩ።

«ልኩ ይሄ ነው» አሉ።

ውሃ ልኩ ሳንቃውን ከመኪናዋ መርገጫ ጎን አቆመና አየው። አራቱንም ጎን እኩል ማውረድ እንደሚያስፈልግ፣ ኋላዋን ግን ለሲሚንቶው ሲል ትንሽ ከፍ አድርጎ እንደሚተወው ተናገረ። ተቋራጩ፣ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ እንዲህ ከሆነማ የሰው ሁሉ መኪና መሰለች ብሎ አጉረመረመ። ማንም አልመለሰለትም። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት።

«የሰርጉ ዕለት ማን ነው የሚነዳት?» አለ፣ ጎማውን እያየ።

ከመኪናዋ ስር የገባው ውሃ ልኩ ቁልፉን ማዞር አቆመ። ልጅቷ አያቷን አየቻቸው፣ አያቷም ኮርኒሱን አዩ።

«አንተ አይደለህም» አሉ ተሳቢው። «ክንድህ አይድንም እስከዚያ። እኔ እነዳለሁ።»

«አንተማ ከስርም ከላይም እንዳትነካት ተብለሃል» አሉ እማማ።

ሥራው ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተጠጉ፤ ተቋራጩ በደህናው እጁ፣ ውሃ ልኩ በግራሶ እጁ፣ ኢንስፔክተሯም እጇን ፋሻው ያለበት ቦርሳ ውስጥ ከታ። ቢንሸራተቱስ ብላ ነበር። እማማ ቆመው አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አንድ እግር አነሱ። ሁለተኛውን አስከተሉ። ጋቢና ገብተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።